ውሃ የገባበትን ቤት ማድረቅና መጠገን፦ ደረጃ በደረጃ

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት በውሃ የሚጎዳው በክረምት ዝናብ ብቻ አይደለም። ውሃ በፈረቃ በሚዳረስባቸው ሰፈሮች፣ ቧንቧው ደርቆ ሳለ ተከፍቶ የቀረ አንድ የእጅ መታጠቢያ፣ ውሃው ሌሊት ሲለቀቅ ቤተሰቡ እስኪነቃ ድረስ ሳሎኑን ያጥለቀልቀዋል። ጣሪያ ላይ የተቀመጠ ሮቶ ተንሳፋፊው ሲበላሽ ሞልቶ ይፈሳል፤ ከሽንት ቤት መቀመጫ ጀርባ ያለው ፍሌክሲብል ቱቦ ይፈነዳል፤ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሲወርድ ደግሞ በረዶው አሸንዳውን ይሞላውና ውሃው መውጫ አጥቶ ወደ ኮርኒሱ ይመለሳል። ምክንያቱ ይለያይ እንጂ ቤቱን ለማዳን የሚሠራው ሥራ ቅደም ተከተል አንድ ነው፤ አደጋውን ማስወገድ፣ ምንጩን ማቆም፣ ውሃውን ማውጣት፣ ማድረቅ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ መጠገን። ከእነዚህ መካከል ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ማድረቁ ነው። ወለሉ ሲወለወልና የግድግዳው ላይኛ ገጽ ሲደርቅ ሥራው ያለቀ ይመስላል፤ ቀለም ቀቢ ይጠራል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ቀለሙ ይላጣል፣ ልስኑ ያብጣል፣ ከቁም ሳጥኑ ጀርባም ሻጋታ ይወጣል። በዚህ መመሪያ ስለ ማድረቅ በሰፊው የተጻፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ውሃው ከመግባትዎ በፊት

በመጀመሪያ ኤሌክትሪኩ መቋረጥ አለበት። በየቤታችን ወለል ላይ የተዘረጉ ማከፋፈያዎችና ከመሬት ብዙም ያልራቁ ሶኬቶች ውሃ ሲነካቸው፣ እርጥብ ወለል ላይ የቆመ ሰው 220 ቮልት ሊያገኘው ይችላል። የብሬከር ሳጥኑ ያለበት ቦታ ደረቅ ከሆነ፣ እጅዎን አድርቀው፣ የጎማ ሶል ያለው ጫማ አድርገው ዋናውን ማጥፊያ ያውርዱ። ሳጥኑ ጋ ለመድረስ ውሃ ውስጥ መቆም የሚያስፈልግ ከሆነ ግን አይሞክሩት፤ ከውጭ ሆነው የኤሌክትሪክ አገልግሎቱን በ905 ይጥሩ። የተሰካ ዕቃን ውሃ ውስጥ ቆሞ መንቀል ዋናውን ማጥፊያ ከማውረድ ይበልጥ አደገኛ ስለሆነ፣ ቴሌቪዥኑንና ማቀዝቀዣውን ለማዳን ሲሉ እጅዎን ወደ ሶኬቱ አይስደዱ። ውሃው ከወንዝ ወይም ከጎርፍ የመጣ ከሆነና እየጨመረ ከሄደ ሰውን ማውጣት ከማንኛውም ዕቃ ይቀድማል፤ የአዲስ አበባ የእሳትና የአደጋ ጊዜ መጥሪያ 939 ነው።

ኮርኒሱ በውሃ ተሞልቶ ካበጠና ወደ ታች ከረገበ፣ ሥሩ ቆሞ መመልከት ተገቢ አይደለም። ኮርኒሱ የተሠራበት ችፑድ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ሳይታሰብም ይወድቃል። ኤሌክትሪኩ መጥፋቱን ካረጋገጡ በኋላ ባልዲ አስቀምጠው፣ ከጎን ቆመው፣ ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ በተመታ ሚስማር እብጠቱ መካከል ትንሽ ቀዳዳ ይብሱ። ውሃው በቀስታ ከወረደ ሰሌዳው ሳይፈርስ ሊተርፍ ይችላል።

ምንጩን ማቆም

ቧንቧ ከፈነዳ በቆጣሪው አጠገብ ያለውን መዝጊያ ይዝጉ። ሮቶ ያለው ቤት ግን የቆጣሪውን መዝጊያ ዘግቶ ሊዘናጋ አይገባም፤ ጣሪያ ላይ ያለው ውሃ በራሱ ክብደት መውረዱን ስለማያቆም ከሮቶው የሚወጣው መስመርም መዘጋት አለበት። ምንጩ ጣሪያው ከሆነ ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ከታች ባልዲ በማድረግ ይታገሡ፤ እርጥብ ቆርቆሮ ላይ የወጣ ሰው በቀላሉ ይንሸራተታል። ካባራና ቆርቆሮው ከደረቀ በኋላ በመጀመሪያ የሚታየው ቆርቆሮው ሳይሆን አሸንዳው ነው፤ በቅጠልና በደለል የታፈነ አሸንዳ እንደ ተቀደደ ጣሪያ ያፈሳል። ቀጥሎ የቆርቆሮ ሚስማሮቹን ጎማዎች ይመርምሩ፤ በፀሐይ ደርቀው የተሰነጠቁትን ይቀይሩ።

በኮንዶሚኒየም ውስጥ ውሃው ከላይኛው ቤት የሚመጣ ከሆነ ጎረቤትን በክብር ቀርቦ አብሮ መመልከት ከሁሉ ይሻላል። አብዛኛውን ጊዜ የላይኛው ነዋሪ የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ወይም የፍሳሽ መስመሩ እያፈሰሰ መሆኑን አያውቅም። ያም ሆኖ ዕቃ ከማንሳትዎ በፊት ጉዳቱን በፎቶና በቪዲዮ ይያዙ፤ ቀኑንና ሰዓቱን ይጻፉ፤ የሕንፃው ኮሚቴ አባል ቢያንስ አንድ ሰው እንዲያይ ያድርጉ። የጋራ ሕንፃዎች በአዋጅ ቁጥር 370/1995 ስለሚተዳደሩ፣ ቧንቧው የግል ነው ወይስ የጋራ የሚለው ጥያቄ የጥገናውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን ሊወስን ይችላል፤ በወቅቱ የተያዘ ማስረጃ ያለው ሰው በኋላ ከክርክር ይድናል።

የገባው ውሃ ምን ዓይነት ነው?

ቀጣዩ ሥራ ሁሉ በዚህ ጥያቄ መልስ ላይ የተመሠረተ ነው። ከቧንቧ ወይም ከሮቶ የፈሰሰ ውሃ ንጹሕ ነው፤ ቶሎ ከተወገደ አብዛኛው ዕቃ ይተርፋል። ከልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ ከወጥ ቤት ሲፎን ወይም በአቧራ ከተሞላ ኮርኒስ ላይ የወረደ ውሃ ደግሞ መጠነኛ ቆሻሻ ስላለበት ጓንት አድርጎ መሥራትና የነካውን ሁሉ በሳሙና ማጠብ ያስፈልጋል። ሦስተኛው ከሽንት ቤት የተመለሰ ፍሳሽ፣ የመንገድ ጎርፍ ወይም የወንዝ ውሃ ነው። የአዲስ አበባ ወንዞች የቤትና የፋብሪካ ፍሳሽ የሚቀላቀልባቸው ስለሆኑ፣ ከእነሱ የመጣ ጎርፍ ጠርቶ ቢታይ እንኳ እንደ ሽንት ቤት ፍሳሽ መቆጠር አለበት። በዚህ ጊዜ ቦት ጫማ፣ የጎማ ጓንትና የአፍንጫ መሸፈኛ የግድ ነው፤ ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ቤቱ እስኪጸዳ ድረስ ሌላ ቦታ ቢያድሩ መልካም ነው። ንጹሕ ውሃም ቢሆን ከሁለት ቀን በላይ ከተኛ ንጹሕ መሆኑ ያበቃል።

ውሃውን ማውጣትና ዕቃን መለየት

የተኛውን ውሃ በጎማ መጥረጊያ ወደ ፍሳሽ መውረጃው ወይም ወደ በር ይግፉ፤ የቀረውን በጨርቅ እየመጠጡ ይጭመቁ። ጎርፍ ጭቃ ይዞ ከገባ ጭቃው ሳይደርቅ ማውጣት ይቀላል፤ ከደረቀ በኋላ ግን ከወለሉ ጋር ይጣበቃል፣ ሲጠረግም አቧራው ወደ ሳንባ ይገባል። ምንጣፍና የፕላስቲክ ወለል ንጣፍ በዚያው ቀን መነሳት አለባቸው፤ በሥራቸው የተያዘው ውሃ በራሱ የሚወጣበት መንገድ የለም። የማይነሱ ከባድ ዕቃዎችን እግር በጡብ ወይም በጣውላ ቁራጭ ከፍ ያድርጉ።

ከዚያ ዕቃው ይለያል። የስፖንጅ ፍራሽ ንጹሕ ውሃ ከነካው በጎኑ አቁመው፣ ውሃው እንዲንጠባጠብ አድርገው፣ ሁለቱንም ፊት በየተራ ለፀሐይ በመስጠት ሊያድኑት ይችላሉ፤ ፍሳሽ የጠጣ ፍራሽ ግን ምንም ያህል ቢያሳዝን ይጣላል። የወጥ ቤት ጓዳ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በማዳበሪያ ከረጢት ወለል ላይ የተቀመጠ ጤፍ፣ ዱቄት፣ ሽሮና በርበሬ ውሃ ከነካው ሻጋታ ቶሎ ያበቅላል፤ አንዳንድ ሻጋታዎች የሚያመነጩት አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ደግሞ በመቀቀልም ሆነ በመጋገር አይጠፋም። ስለዚህ የረጠበ ዱቄትንና በርበሬን መልሶ አድርቆ ለመብላት መሞከር አያዋጣም። ንጹሕ ውሃ የነካውን እህል ወዲያውኑ በስሱ ዘርግተው በዕለቱ ማድረቅ ከቻሉ ሊተርፍ ይችላል፤ ሽታው ወይም ቀለሙ ከተለወጠ፣ ወይም የነካው ጎርፍ ከሆነ፣ ለሰውም ለእንስሳም አይሰጥም።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ሰው የሚስተው ዕቃ ነው። የሸክላው ሰሌዳ ውሃ ይመጥጣል፤ ሽቦው የተቀበረውም እዚያው ሸክላ ውስጥ ነው። ላዩ ደርቋል ተብሎ ቢሰካ ወይ ሰውን ይይዛል ወይ ሸክላው በድንገተኛ ሙቀት ይሰነጠቃል። ከፍቶ፣ ለብዙ ቀናት በፀሐይና በነፋስ አድርቆ፣ ባለሙያ ከፈተሸው በኋላ ብቻ መጠቀም ይገባል። ማቀዝቀዣና የልብስ ማጠቢያ ማሽንም እንዲሁ ሳይፈተሹ አይሰኩም።

የቤት ካርታ፣ የልደት የምስክር ወረቀት፣ ውልና የትምህርት ማስረጃ ከረጠቡ እጅግ መታገሥ ያስፈልጋል። የተጣበቁ ገጾችን በኃይል አይለያዩ፤ በካውያም አይተኩሱ፤ በጠራራ ፀሐይም አያስጡ። በንጹሕና ማተሚያ ቀለም በሌለው ወረቀት ወይም ጨርቅ መካከል አድርገው፣ ጨርቁን በየጊዜው እየቀየሩ፣ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ያድርቁ። ወረቀቱ ብዙ ከሆነና በሁለት ቀን ውስጥ ማድረቅ ካልቻሉ፣ በፕላስቲክ ከረጢት አድርገው ጎረቤት ዘንድም ቢሆን በረዶ ቤት ውስጥ ያስቀምጡት፤ የቀዘቀዘ ወረቀት አይሻግትም፣ በኋላም ጥቂት ጥቂቱን እያወጡ ማድረቅ ይቻላል። የረጠቡ ፎቶግራፎች እርስ በርስ ሳይጣበቁ በንጹሕ ውሃ ተለቅልቀው ምስሉ ወደ ላይ ሆኖ ይዘረጋሉ።

ማጽዳት

በረኪና ቆሻሻ ላይ ሲፈስ ኃይሉ ይደክማል። ስለዚህ ወለሉና ግድግዳው በመጀመሪያ በሳሙናና በውሃ ይታጠባሉ፤ በረኪናው የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። ፍሳሽ ወይም ጎርፍ የነካውን ሊሾ፣ ሴራሚክና ቴራዞ ለማጽዳት፣ የበረኪናው ጥንካሬ 5 በመቶ ከሆነ፣ አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ቀላቅለው ይቀቡና ለ10 ደቂቃ ይተዉት፤ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁት። በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ወይም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር መቀላቀል ሳንባን የሚጎዳ መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ይህ ገዳይ ሊሆን ይችላል። ቤቱ የመሬት ውስጥ የውሃ ማጠራቀሚያ ካለውና ጎርፉ ከገባበት፣ ውሃውን ሙሉ በሙሉ አስወግደው፣ ግድግዳውን ፈትገው፣ እንደ ገና ሞልተው፣ ለ1,000 ሊትር አንድ ሊትር ሽቶ የሌለው በረኪና ጨምረው፣ ለ24 ሰዓት አቆይተው ይድፉት። ያን ውሃ መጠጣትም ሆነ ማብሰያ ማድረግ አይገባም።

ማድረቅ

ሻጋታ በረጠበ ዕቃ ላይ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ማደግ ይጀምራል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሥራ ስለዚህ አየር ማንቀሳቀስ ነው። ትይዩ የሆኑ መስኮቶችንና በሮችን ይክፈቱ፤ የቁም ሳጥን በሮችንና መሳቢያዎችን ያውጡ፤ ዕቃውን ሁሉ ከግድግዳ ያርቁ። በሐምሌና በነሐሴ ግን መስኮት ቀኑን ሙሉ ከፍቶ መተው እርጥበቱን መልሶ ያስገባል፤ ዝናቡ ባባራባቸው ሰዓታት፣ በተለይ ረፋድና እኩለ ቀን ላይ ይከፈታል፣ ሲዘንብና ሲመሽ ይዘጋል። ኤሌክትሪሺያን መስመሩን ፈትሾ ከፈቀደ ማራገቢያ ትልቅ ጥቅም አለው፤ የሚቀመጠውም ነፋሱ ግድግዳውን ታክኮ እንዲሄድ በጎን በኩል ነው።

ክፍልን ለማድረቅ ከሰል አያይዞ በር መዝጋት የተለመደ ነገር ነው። ይህን በፍጹም አያድርጉ። ከፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ከዚህም ሌላ ከሰሉ አየሩን ያሞቀዋል እንጂ እርጥበቱን ከተዘጋ ክፍል አያወጣውም፤ ሞቃታማና እርጥብ አየር ደግሞ ለሻጋታ ይመቻል።

የብሎኬት ግድግዳ የሚያታልል ነው። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ ውሃው እዚያ ይተኛል፤ ልስኑም ከወለሉ ላይ እንደ ክር እየሳበ ውሃው ከነካበት ከፍታ በላይ ይወስደዋል። ስለሆነም በመጀመሪያ ዞኮሎው (በግድግዳው ግርጌ ዙሪያውን የተለጠፈው ጠርዝ) ይነሳል። ቀጥሎ ልስኑን በጣትዎ ያንኳኩት፤ ባዶ ድምፅ የሚያሰማው ቦታ ከብሎኬቱ ተላቋልና በመሮ ይነሳ። ውሃው ብዙ ሰዓት ተኝቶ ከነበረ፣ የኤሌክትሪክና የውሃ መስመር የሌለበትን ቦታ መርጠው፣ ከወለሉ ጥቂት ከፍ ብሎ በየብሎኬቱ ትንሽ ቀዳዳ ማስበሳት የተያዘውን ውሃ ያስወጣል፤ ከቀዳዳው ውሃ ሲንጠባጠብ ያየ ሰው ላዩ የደረቀ ግድግዳ ምን ያህል እንደሚዋሽ ይረዳል። ጄሶ የተቀባ ግድግዳ ከሆነ ጄሶው በጥፍር ሲጫኑት የሚላላበት ቦታ ሁሉ መፋቅ አለበት፤ አንዴ የሟሟ ጄሶ ቢደርቅም ጥንካሬው አይመለስም። በዘይት ቀለም የተቀባ ግድግዳ እንደ ፕላስቲክ ስለሚያፍን፣ ቀለሙ ካልተፋቀ በስተቀር ከውስጥ አይደርቅም።

ሲሚንቶና ኮንክሪት የሚደርቁት በቀናት ሳይሆን በሳምንታት፣ አንዳንዴም በወራት ነው። መድረቁን በግምት ከመወሰን ይልቅ ይህን ቀላል ፈተና ይሥሩ፦ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ጥርት ያለ ፕላስቲክ በወለሉ ወይም በግድግዳው ላይ አራቱንም ጎን በፕላስተር አጥብቀው ይለጥፉ፤ ከአንድ ቀን በኋላ ሲያነሱት ከሥሩ ጤዛ ከያዘ ወይም ቦታው ከአካባቢው ከጠቆረ ገና ነው። ደግመው ከሳምንት በኋላ ይሞክሩ። ግድግዳው በሚደርቅበት ጊዜ ነጭ ጨው ከወጣ በደረቅ ብሩሽ ይጠረጋል፤ በውሃ ቢታጠብ ጨው ሟሙቶ ተመልሶ ይገባል።

የፓርኬ ወለል ተቃራኒ ችግር አለው፤ በጣም በፍጥነት ከደረቀ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማልም። የተነሱትንና የተላቀቁትን ቁራጮች ቁጥር ሰጥተው ያውጡ፤ በጠፍጣፋ ቦታ ደርድረው፣ በመካከላቸው አየር እንዲያልፍ ክፍተት ትተው፣ በጥላ ያድርቁ። ያልተነሳው ወለል ካበጠ ወዲያው አያስሞርዱት፤ ብዙው እብጠት እንጨቱ ሲደርቅ በራሱ ይመለሳል፣ በእብጠቱ ላይ የተሞረደ ወለል ግን ሲደርቅ ጎድጓዳ ይሆናል። ከኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ሰሌዳ) ወይም ከችፑድ የተሠራ ቁም ሳጥን እግሩ ካበጠ ወደ ቀድሞው አይመለስም፤ ጠንካራ ጣውላ ግን ብዙ ጊዜ ይድናል።

የጭቃ ቤት ሕጉ የተለየ ነው። የረጠበ የጭቃ ግድግዳ መፈተግም ሆነ በውሃ መታጠብ የለበትም፤ ለጊዜው መደገፍና መተው ይገባዋል። በውጭ በኩል ከግድግዳው የሚርቅ ቦይ ይቆፈርና ውሃው ወደ መሠረቱ እንዳይመለስ ይደረጋል። ጭቃው ሲደርቅ የምሰሶዎቹንና የማገሩን ግርጌ በቢላ ይውጉ፤ ቢላው በቀላሉ ከገባ እንጨቱ በስብሷልና ከመምረጉ በፊት ይቀየራል። የተናደው ክፍል በጭድ በተቦካ ጭቃ ይመረጋል እንጂ በሲሚንቶ አይለሰንም። ሲሚንቶው ለጥቂት ጊዜ ያማረ ይመስላል፤ ነገር ግን የጭቃውን እርጥበት ከውስጥ ያፍነዋል፣ ከጭቃው ጋርም ስለማይዋሐድ ተላቆ ይወድቃል። ይህን ምክር በተለይ አጥብቄ የምናገረው በሲሚንቶ የተሸፈነ ምሰሶ መበስበሱ የሚታወቀው ግድግዳው ሲያዘነብል ስለሆነ ነው።

ሻጋታን ማንሳትና መልሶ መጠገን

ሻጋታ ወጥቶ ካገኙ በደረቁ አይጥረጉት፤ ብናኙ በቤቱ ሁሉ ይበተናል። አፍንጫዎን ሸፍነው፣ መስኮት ከፍተው፣ ቦታውን በሳሙና ውሃ አርጥበው ይፈትጉ፤ ከዚያ ያድርቁ። በረኪና ሴራሚክን በመሰለ ልሙጥ ገጽ ላይ ይሠራል፤ ልስንን፣ ችፑድንና ጨርቅን ግን ቀለሙን ያነጣዋል እንጂ ወደ ውስጥ ዘልቆ ሥሩን አይደርስበትም። የሻገተ ኮርኒስ ወይም ጄሶ ስለዚህ ይወጣል። ሻጋታው ከአንድ ካሬ ሜትር በላይ ከሆነ፣ ወይም በቤቱ አስም ያለበት ሰው ካለ፣ ሥራውን ለሌላ ሰው መስጠት ይሻላል።

የፕላስቲኩ ፈተና ደረቅ ካሳየ በኋላ ብቻ ልስኑ ይለሰናል፣ ኮርኒሱ ይመታል። ኮርኒሱ ከመዘጋቱ በፊት ከላይ ያለው ቀዳዳ መደፈኑን ቆርቆሮው ላይ ውሃ በማፍሰስ ያረጋግጡ። ውሃ የነካቸው ሶኬቶችና ማብሪያዎች ሁሉ ይቀየራሉ፤ በግድግዳው ውስጥ ባለው ቱቦ ውሃ መኖር አለመኖሩን ኤሌክትሪሺያኑ ሽቦውን ስቦ ይመለከታል። አዲሱ ልስን ራሱ የሚደርቅበት ጊዜ ስለሚፈልግ ጄሶና ቀለም የሚከተሉት እሱ ሲደርቅ ነው፤ ለመጀመሪያው ዓመት በዘይት ቀለም ፋንታ እርጥበት የሚያስተነፍስ የውሃ ቀለም ይምረጡ። ቀለም ቀቢው ሥራውን በዚህ ሳምንት ለመጨረስ ቢቸኩል፣ ወይም በዓል ደርሷል ተብሎ ቢታሰብ፣ ግድግዳውን ሳይቀባ በዓሉን ማሳለፍ ሁለት ጊዜ ከመክፈል ያድናል። ዕቃውን መልሰው ሲያስገቡ ቁም ሳጥኑንና አልጋውን ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል ያርቁ፤ በሚቀጥለው ክረምት መጀመሪያ ላይም የተጠገነውን ማዕዘን በእጅዎ ዳስሰው፣ ዞኮሎውን አሽትተው ይፈትሹ።